ሰባት ኪሎ

ኮምቦልቻ ዳር ላይ የምድር ሚዛን አለ፣
ከሚሌ የመጣው፣ ስንት ጎማ ያዘለ
የሚቆምበት።
እኔ ነኝ መዛኙ፣ የሌሊት ተረኛ፣
ዓይኔ ቁጥር ሲያነብ ከተማው ሲተኛ።
«ትርፍ ጭነሃል» እላለሁ፤ ሾፌሩ ይምላል፣
አንዴ በልጁ ስም፣ አንዴ በእናቱ ስም፤
ስሞች ሲያልቁበት ዝም ይላል።
ጣቴን ወደ መስኮቱ አሳያለሁ፦
ቁጥሩ ነው የሚናገር፤ እኔ ምን አውቃለሁ?

አሥራ ሁለት ዓመት፣ ክረምትና በጋ፣
ያልመዘንኩት የለም፤ ብረት፣ ስንዴ፣ አልጋ፣
ጥጥ ለፋብሪካው፣ ገብስ ለቢራው።
አንዴም አስከሬን ይዞ ወደ ወልዲያ የሚወጣ፤
«እሱንም?» አለኝ ሾፌሩ።
«እሱንም» አልኩ። ሕግ ነው።

ዓርብ ሌሊት መንገዱ ባዶ ሆነ፤
ዘነበ፤ ሐረጎ በጉም ተከደነ።
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከወንበሬ ተነሣሁና
ብረቱ ላይ ቆምኩ፣ እንደ ጭነት መኪና።
«ስንት ይላል?» አልኩት አራጋውን።
«ስልሳ» አለኝ እየሳቀ።
ጤና ጣቢያ ስመዘን ስልሳ ሰባት ነኝ፤
ይህ ሚዛን ግን በሃያ በሃያ ነው የሚቆጥር፣
ትርፍራፊውን ሰው አይለው፣ ዕቃ አይለው፣
ይተወዋል።
ሰባቱን ኪሎ ማን ይመዝነዋል?

እህቴ ሉባባ፣ ደሴ፣ ሸዋ በር ነው ቤቷ፤
ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ ከተዘጋብኝ ፊቷ።
ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አላጣም፦
«በሰርጓ ቀን ተረኛ ነበርኩ፤ አልመጣም
ብዬ ላክሁባት፤ ይኸው ነው ጥፋቴ።
ባለሀብት አገባችና ናቀችኝ እህቴ።»
ይህን በሻይ ቤት፣ በለቅሶ ቤት አውርቻለሁ፣
የት ላይ አንገት እንደሚሰበር፣
የት ላይ እንደሚተነፈስ ለይቻለሁ፣
ሳወራው ሳወራው እኔም አምኛለሁ።

ያን ሌሊት ከብረቱ ወርጄ፣ ከዝናቡ ሸሽቼ፣
ጥግ ካለው ሣጥን የድሮ መዝገብ አውጥቼ
(አይጥ ጠርዙን በልቶታል)
ጣቴን በቀኖቹ ላይ አሳለፍኩ፦
ጥር ሃያ አንድ፣ ማታ። መዛኝ፦ አራጋው። ፊርማ።
ገጹን ገለበጥኩ፤ መልሼ ገለበጥኩ፣
ስሜ ከጀርባው ተደብቆ እንደሆን ብዬ።
«አራጋው፣ ያኔ አንተ ነበርክ እንዴ?»
«የእህቴ ሰርግ ነው፣ ተካኝ አላልከኝም? ረሳኸው በአንዴ?»

ሄጃለሁ።
ብርድ ልብስ ገዝቼ፣ በላስቲኩ እንዳለ፣
ሐረጎን ስንወጣ ጭኔ ላይ ነበረ።
ሸዋ በር ወረድኩ። ከድንኳኑ ደጃፍ
አራት ወጠምሾች ፍሪጅ ያወርዳሉ።
ላስቲኬን በኮቴ ሸፈንኩ።
ሉባባ ትታየኝ ነበር፤ ትስቃለች፣
ዓይኗ ግን ደጅ ደጁን።

ድህነቴ አይደለም ያስመለሰኝ፤
ይህን ለማመን እስኪነጋ ፈጀብኝ።
እኔ ታላቋ፣ እኔ ያሳደግኋት፣
ከእኔ ሌላ መደገፊያ ማግኘቷ ከበደኝ።
ቅናት ነው።
ሌላ ስም አውጥቼለት ነበር፦
ይሉኝታ፣ ሥራ፣ ክብር።

ጠዋት ቤቴ ገባሁ። ከአልጋው ሥር፣
ላስቲኩ ቢጫ ሆኖ፣ እዚያው ነበር።
ጦሳ ሥር ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ
ዘጠኝ ክረምት ማንንም ሳያሞቅ።
ይዤው ወጣሁ። በሚዛኑ ሳልፍ ደግሞ ቆምኩ።
«ምነው ይማም?» አለኝ የቀኑ ተረኛ።
«ስንት ይላል?»
«ስልሳ።»
ብረቱ አላየውም፤ ክንዴ ግን ዝሏል።

አልደወልኩላትም፤ ከደወልኩ
አስቀድሜ ወሬውን አሳምራለሁ።
«ደሴ የሞላ! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ፤
አንዱ ሰው እኔ ሆንኩ።
ሐረጎ ላይ አንድ ከባድ መኪና
ፊታችን ያዘግማል፣ ጭሱ ጉም ላይ ጉም፤
ትርፍ ጭኗል፤ ከማቃሰቱ አወቅሁ።
ማነው ይህን ያሳለፈ?
ልል አፌን ከፈትኩ።
የሌሊቱ ተረኛ እኔ ነበርኩ።