የዓሣው ድርሻ

እዚህ ኦማን፣ ሐጀር ተራራ ሥር፣ በቴምር ዛፎቹ መንደር፣
ውሃ በሊትር አይሸጥም፣ በቆጣሪም አይሰፈር፤
ቀን በእንጨት ጥላ፣ ሌት በኮከብ ይለካል፣
ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ፣ አንዱ በአንዱ ይተካል።

ሽማግሌው ኸልፋን፣ ፈለጅ የሚሉትን ቦይ የሚዳኙ፣
ኮከቧ ከጋራው ስትለቅ ከእንቅልፍ የማይገኙ፣
ጭቃና አሮጌ ጨርቁን ከአንዱ ቦይ ያነሡና
ከሌላው አፍ ይወትፉታል፣ ስም ጠርተው እንደገና።
እኛ ጎሊና ወንዝ ዳር እንዲህ ያለውን ሰው
«የውሃ አባት» ነው የምንለው።
አጎቴ ድንቁ ነበር። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ
አማቹ ያኖረበት ነው፣ በአንዲት ቦይ የተነሣ።

ዓሣዎቹ ጣት አያክሉ፣ መልካቸው የአመድ፤
ስማቸውን ስጠይቅ ማማ ዙወይና «ሰድ» አለችኝ፣ «ሰድ»።
ለድስት አይበቁም፣ ለገበያም አይወጡ፤
ሳህን ሳጥብ ግን ከእግሬ ሥር ተሰልፈው እየመጡ
የተረከዜን ስንጥቅ ይለቅማሉ ቀስ ብለው፣
ሥራ እንዳለበት ሰው።
ከእናት ጉድጓዱ ጨለማ ተስበው የሚወጡም አሉ፣
ዓይናቸው የጠፋ፤ ብርሃን መጣ አልመጣ የማይሉ።

ሦስተኛ ዓመቱ ነው፣ ደመናው ባሕር ላይ ቀርቶ፣
ቦዩ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ስንዝር ገብቶ።

አዛን፣ የማማ የልጅ ልጅ፣ ከዓሣ እርባታው ጓደኛው
አንድ ባልዲ ይዞ መጣ፤ «ትንኝ ይበላል» ብሎ ኩሬው ውስጥ ገለበጠው።
ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቆሮሶ! ሐይቅ ዳር፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ
ለመንገደኛ የሸጥሁት። «አገሬ!» አልኩት፣ ሳቅ ብዬ።

በሦስተኛው ወር ሳየው፣ አገሬ ወፍሮ ተንሰራፍቷል፤
የሰዱን እንቁላል ጠርጎ ጫጩቱንም ውጧል።
ከእግሬ ሥር የሚመጣ የለም።
አፈርኩ፤ ለምን እንዳፈርኩ ግን ለማንም አልነገርኩ፤
ሌሊት በሩዝ ወንፊት አንድ በአንድ አጠመድኩ።
አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ጠበስኳቸው፣ በሚጥሚጣ።
አዛን ሦስት በላ። ማማ፣ «ይህ ዓሣ ከየት መጣ?»
«ከውጭ» አልኳት፣ ዓይኔ ከሳህኑ ሳይወጣ።

ኩሬው ግን እያለቀ ነበር። ዓርብ ከሶላት በኋላ
የድርሻ ጌቶች ተቀመጡ ከመስጊዱ ግንብ ጥላ።
ኸልፋን ጠየቁ፦ «ቦዩ ተካፍሎ፣ ኩሬው ሲቀር ደርቆ፣
ለዓሣው ማን ያወጣለታል፣ ከራሱ ድርሻ ቦጭቆ?»
አንዱ ሳቀ፦ «ዓሣ ዘካት ከፍሎ ያውቃል?» አለ።
ሌላው በደረቀ ቴምሩ ማለ።

ሴት እዚያ አትቀመጥም። ማማ በእኔ እጅ ላከች፣
የሟች ባሏን የነሐስ ጣሳ፣ ቂጧ ላይ የተበሳች።
(እነሱም ጣሳ ይሏታል፤ ያለ ቪዛ ያለፈ ቃል።)
ውሃ ላይ ትቀመጥና፣ ሞልታ እስክትሰጥም ይቆጠራል፤
የእጅ ሰዓት ሳይመጣ በፊት ድርሻ በዚህች ነበር።
«በይ ንገሪያቸው፣ አንድ መስጠም ከእኔ፣ ለዓሣው ይቆጠር።»
ያላት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፣ ለአሥራ አንድ ቴምር።

ዝም አሉ። ጣሳዋን ኸልፋን ከቦዩ ላይ አኖሯት፤
ሞልታ ድብ እስክትል ድረስ ሁሉም አፍጥጠው አዩዋት።
ከዚያ የሳቀው ሰውዬ፣ ጢሙን እያሻሸ፣ «አንድ»።
ባለቴምሩ፣ ቆይቶ፣ «ግማሽ»። ኋላ ግን፣ «እሺ፣ አንድ»።
በደብተሩ፣ ከሟች ከቋሚው ስም ሥር፣ ተጻፈ፦ «ሰድ»።

የዓሣው ተራ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከፋቿ እኔ ነኝ።
መታወቂያዬ ሁለት ወር ቀረው፤ ከዚህ ውሃ ጠብታ የለኝ።
ጨርቁን እነቅላለሁ። ጣሳዋን አሥራ አራት ጊዜ
እቆጥራለሁ፣ እግሬን ነክሬ፣ በፋኖሱ ፍዝ ወገግታ።
ዝናብ አልመጣም። ከድንጋይ ሥር የተረፈ ቆሮሶም አይታጣ።

ትናንት ሌሊት ግን፣ አሥራ አንደኛው ላይ፣
አንድ ነገር ተረከዜን ነካ።
ቁጥሩ ጠፋኝ።
ከአንድ ጀመርኩ።