የበረዶ ነጋዴዋ

ከኪሱሙ አውቶቡስ ከጣሪያው ላይ ወርዶ፣
በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ተገምዶ፣
ሲንዶ ወደብ ገባ የመጀመሪያው በረዶ።
አሎ ራባሬ ናት ያመጣችው ያኔ፤
ሚዛን ያዥ ነበርኩኝ፣ ምስክሩ እኔ።
ግማሹ በመንገድ ቀልጦባት ነበረ፤
የቀረው ግማሹ ሰው አነጋገረ።
«ሎልዌን የሚያህል ውሃ ተዘርግቶ፣
ውሃ በገንዘብ?» አሉ፤ ዳሩ በሣቅ ሞልቶ።

እሷ ግን አትሥቅም። ደላላውን ታያለች፤
ስንት ዓመት ዓሣዋን በሱ ዋጋ ሸጣለች።
ፀሐይ እስክትበረታ ጥላ ስር ያዛጋል፣
የዓሣው ዓይን ሲፈዝ ያን ጊዜ ይጠጋል፤
«ሽታ አለው» ይልና ግማሹን ይሰጣል።
አሎ የሸጠችው በረዶ አይደለም፤
የአንድ ቀን ዕድሜ ነው፣ ሌላ ነገር የለም።
ዓሣ አጥማጅ «ነገ ና» ማለትን ለመደ፣
ደላላው ከጥላው ተነሥቶ ሄደ።

ከዚያ ጄኔሬተር፣ ከዚያ የቆርቆሮ ቤት፣
ከዚያ ስድስት መኪና፣ በራቸው ላይ ስሟ ያለበት።
ባሏን አፈር አልብሳ፣ ልቅሶዋን ጨርሳ፣
ብድር ብትጠይቅ «ባልሽ ይፈርም» አለ የባንኩ ሹም፣ ዓይኑን ሳያነሣ፤
«አካፋ ይዘህ ና» አለችው መልሳ።

ሰማያዊ ደብተር ነበራት የዱቤ፣
ግልባጩን እጽፋለሁ ከጎኗ ቀርቤ፦
ኦጉቱ ሦስት ጆንያ፣ ዲና አጎላ ሰባት፣
ኦዌጊ ሃያ አንድ፣ የልጁ ሰርግ ያለበት።

ምርጫ መጣ። ኳስ ሜዳው ሰው ግጥም አለ።
መኪናዋ ላይ ወጣች፣ ደብተሩን ከፍ አድርጋ
ቀደደችው። ገጽ በገጽ። ነፋስ ተቀበለ።
ሕዝቡ ዕዳው ሲበር አይቶ እልል አለ፤
አንድ ሳንቲም ያልከፈለው ከሁሉም ዘለለ።

ግልባጩ እኔ ጋ ነው። ማንም አልጠየቀኝ።

ናይሮቢ ገባች። ሰባት ደቂቃ ሰጧት፤
ስለ በረዶ ስታወራ የተከበሩት ሣቁባት።
«ዓሣ የሚገማው ካናቱ ነው» ስትል በሬዲዮ ሰማን፤
የዚያን ዕለት ማታ መረብ የጣለ ማን?
ሐሰት አልናገርም፤ የመብራት ምሰሶ ተተከለ፣
ከሲንዶ እስከ ምቢታ መንገዱ ተስተካከለ።

ግን በሯ ላይ ሰው አለ፣ ጎህ ሳይቀድ ተሰልፎ፣
አንዱ የሬሳ ሣጥን፣ አንዱ የልጁን ክፍያ በብጣሽ ጽፎ።
ደመወዝ አይበቃም። መኪና ሸጠች፣ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፤
ከዚያ መሸጥ አቆመች። ይህን ነው የፈራሁት።
ለስድስት ወደብ የበረዶ ማሽን በጀት ሲወጣ፣
ጨረታው ባማቿ ስም ሄዶ ባማቿ ስም መጣ፤
ገንዘቡ ቀድሞ ወጣ፣ ማሽኑ ግን አልመጣ።
«ጠብቁ» ትላለች፤ ፀሐይ ግን በርትታለች፣
እሷ ከጥቁር መስተዋት ጀርባ፣ ከጥላው ስር አለች።
ያን ጥላ አውቀዋለሁ።
ከእጄ ላይ ያለውን ዓሣ አየሁት፤
ዓይኑ ፈዟል።

በሁለት መቶ አሥራ አንድ ድምፅ ተሸነፈች።
አጃቢ የለ፣ ጡሩምባ የለ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት መጣች፤
ጫማዋን አውልቃ ከሚዛኑ አጠገብ ቆመች።
«ግልባጩ አለ?» አለች።
እኔን አላየችም፣ ሐይቁን ነው ያየችው።
ዕዳ ልትሰበስብ ይሁን፣
ወይስ ያን ሁሉ ስም ባንድ ላይ ልታነበው፣
ዛሬም አላወቅሁም።
«ቀልጧል» አልኳት።
ራሷን ነቀነቀች። የበረዶ ሰው ናት፤
መቅለጥ ይገባታል።

ደብተሩ ግን ደርቆ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
ከሚዛኑ አጭር እግር ስር ነው፣ ክብደት ችሎ።