ወጣሁ

ሳልሚያ፣ ከሰገነቱ ሥር፣ ልብስ ማድረቂያው ሲዞር
የኔ ክፍል ይሞቃል ከሐምሌ ጎዳና ይልቅ፤
የቤቱ ሰው እድፍ ሁሉ እዚህ መጥቶ ይነጻል፣
እኔ ብቻ ስቀር።

በሩን የቧጠጠችው የማዳም ትልቋ ልጅ ናት፣ ዳና።
በኛ አገር ዳና ዱካ ነው፤ እሷ ግን ስትመጣ ዱካ የላት፤
ታብሌቷን በአባያዋ ሸሽጋ፣ በባዶ እግር፣ በደረጃው ጥግ ጥግ።
«ዘይነባ፣ ከኔ ጋር እዪ» አለች።
(ዘይነባን ደላላው ነው ለፓስፖርት ያወጣልኝ፤
ትርንጎ ነበር እናቴ ያለችኝ።)

ፊልም ነው። ጫካ መሐል ያለ ቤት፣ ክብ የተደረደረ ወንበር፣
ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ልጆች፣ ጉልበታቸውን የያዙ፣
መሐላቸው ፈገግታው የማይረግብ አንድ ሰው።
ድምፁን አጥፍታዋለች፣ ከታች እንዳይሰማ።
ከሥር የሚሮጠው ዐረብኛ ነው፤ አላነበውም፤
ምኑ ይነበባል? ያንን ክፍል አውቀዋለሁ።
የኛው ወንበር ድንጋይ ነበር፣ ጣሪያው ደመና፤
ሸሚዙ ግን እዚያም ነጭ ነው።

ከመርሳ ወዲያ፣ ቁልቁለቱ ግርጌ፣ ሦስት ሱባኤ
ጸበል አስገቡኝ፣ ከማንጠግቦሽ ጋር ያዩን ለት።
አንድ ነጠላ ለሁለት ለብሰን ነበር፤ ዝናብ ነበር፤
ሌላ ምን ልበል? ዝናብ ነበር።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ውሃው እንደ ምላጭ፣
መቁጠሪያው ትከሻዬ ላይ፣
«ማን ነህ? ተናገር! ከየት ያዝካት?» ይላል አጥማቂው።
እኔ መች ተጠየቅሁ? በኔ በኩል
ሌላ ሰው ነበር የሚያነጋግረው።
በሃያ አንደኛው ቀን፣ አጠገቤ ከምትጮኸው ሴት ቃሉን ተማርሁ፤
«ወጣሁ!» አልሁ። «በእግሯ አውራ ጣት ወጣሁ፣ ሁለተኛ አልመለስም!»
እልል ተባለ። እናቴ መሬት ሳመች።

እውነትም ወጣሁ።
ከመርሳ ወጣሁ፤ ከስሜ ወጣሁ፤
በቦሌ በኩል፣ በሌሊት በረራ።
ውጣ የተባለው ግን ከኔው ጋራ
ሻንጣ ሳይዝ፣ ሳይፈተሽ፣ ኩዌት ገባ።

እናቴ በየወሩ በድምፅ ትልካለች፦ «ዳንሽ ወይ?»
እኔ ዲናር እልካለሁ።
ቆርቆሮው ተቀየረ፤ ዳንሁ።
ወንድሜ ባጃጅ ገዛ፤ ዳንሁ።
ወር በመጣ ቁጥር እድናለሁ።

ታብሌቱ ውስጥ አንድ ቀይ ጸጉር ልጅ ተነሣ።
ቋንቋውን አላውቅም፤ ከንፈሩን አየሁት፤
ወጣሁ ነው የሚለው።
አጨበጨቡለት። ጥግ ይዛ የምታለቅሰው እናቱ መሰለችኝ።
«ውሸቱን ነው!» አልሁ፣ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ።
ዳና ዞር ብላ አየችኝ። ገብቷታል።

ዐሥራ ሰባቷ ነው። አጎቷ ሐኪም አግኝቶላታል፣
ሌላ አገር፣ ከረመዳን በኋላ።
ለዚህ ነው እንደ ፈተና የምታጠናው፣ እያቆመች፣ እየመለሰች።
«ያማል?» አለችኝ።
በወጥ ቤት ዐረብኛዬ ምን ይባላል?
«ማይ» አልሁ። «ማይ፣ ባሪድ።»
ማይ በግዕዝም ውሃ ነው፤ ቄሱ ሲሉ ሰምቻለሁ።
ከሁለታችን ቋንቋ የተገናኘችው ይቺው አንዲት ቃል ናት፣
እሷም ቀዝቃዛ።

«ዘይነባ!» ከታች። ማዳም። ደረጃው ላይ ነጠላ ጫማ።
ታብሌቱ ከትኩሱ ልብስ ሥር ገባ፣ ቅርጫት ውስጥ፣ እንደበራ።
አንሶላ መዘዝሁ፤ ሁለቱን ጫፍ ሰጠኋት፤
ወደ ኋላ ሄደች፣ ወደ ኋላ ሄድሁ፤ ወጠርነው፣ አራገፍነው፤
ተቀራረብን፤ ጫፏን ከጫፌ አገናኘች፤
ጣቷ በረዶ ነው፣ በዚህ ሙቀት።

«መጨረሻው ላይ ይወጣል?» አለች፣ በትንፋሽ።
እሱን አላየሁትም።
ሌላ አንሶላ መዘዝሁ።