ቁጥር ዐሥራ አራት

ኮትካ በሚሉት ወደብ፣ ባሕሩ በረዶ ሲሆን፣
መርከብ እንደ ቤት ቆሞ፣ ጥር ሲያለብስ መስኮቱን፣
አርማስ፣ ጡረተኛው፣ ሠላሳ ዓመት ክሬን የነዳ፣
አንድ ማሰሮ ተክል ቀረው፤ የሄልቪ ውርስ፣ የእሱ ዕዳ።

ቅጠሉ ሰም የነካው፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣
ሐረጉ መጋረጃውን ይዞ እንደ ሕፃን የማይለቅ፤
እሷ ከሞተች ወዲህ
ዘጠኝ ዓመት አላበበም።
ቅዳሜ ቅዳሜ ያጠጣዋል፤ አቧራውን ይጠርጋል፤
ደረቅ ጭራ ካየበት በመቀስ ይቆርጣል።
ንጹሕ ሰው ነው አርማስ፤
የተንጠለጠለ ነገር አይወድም።

ስሙን እንኳ አያውቀው። አንድ ማለዳ ቅጠል ቀጠፈ፤
በፖስታ አድርጎ፣ በኪሱ ይዞ፣ በረዶውን ቀዘፈ።
የቤተ መጻሕፍቷ ቱይሬ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፣
ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዛ አሸተተች፣ መዘነች፤
«ሆያ ነው» አለች።

ሆያ! በእኛ አፍ ቢጠሩት ነሐሴን የሚያስታውስ፣
ጅራፍ የሚያስጮህ፣ ሙልሙል የሚያስቀምስ፤
እዚያ ግን የተክል ወገን ነው፣ ከሞቃት ደን የመጣ፣
በመርከብ ሆድ ተሻግሮ ሰው መስኮት ላይ የወጣ።

ምድር ቤት ወረደች። ብዙ ቆየች።
ስለ ጽጌረዳ መቶ፣ ስለ ድንች አርባ አገኘች፤
ለሆያ ግን አንዲት ቀጭን፣ በሽቦ የተሰፋች፣
ቀለሟ የለቀቀ፣ በማባዣ የታተመች፤
«የማኅበሩ መልእክት፣ ቁጥር ዐሥራ አራት።»

ማኅበር አለው ለካ!
ጽዋ የሌለው ማኅበር፣ ዝክር የማይደገስበት፣
ሰው ቁራጭ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ የሚመጣበት፤
መዋጮው በፖስታ ቴምብር፤
አንዱ የጥርስ ሐኪም፣ አንዷ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ፣
አንዱ የአበባውን ጠረን ሲጠብቅ ሌሊት የማይተኛ።

አርማስ እዚያው ቆሞ አነበበ። ስለ አፈር፣ ስለ ውኃ፣
ስለ ሰሜን መስኮት፣ ስለ ክረምት፣ ስለ ሥር ድርቀት፣ ስለ በጋ፤
ገጽ ዘጠኝ ላይ፦ «አበባው የረገፈበት ጭራ
የሞተ ይመስላል እንጂ አልጨረሰም ሥራ።
የከርሞው የሚፈነዳው ከዚያው ነው። እንዳትቆርጡት።»

መቀሱ ትዝ አለው።

ከሥሩ የጥያቄ ዓምድ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«አባል ቁጥር ስድሳ ሦስት፣ ሄልቪ፣ ከኮትካ።
ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ግን ጭራ ባየ ቁጥር ይቆርጣል።
ብነግረው ያፍራል፤ ዝም ብል አበባው ይቀራል።
ምን ትመክሩኛላችሁ?»
«መልስ፦ ማሰሮውን አዙሪው።
ጭራው ወደ መስታወቱ፣ ቅጠሉ ወደ ባልሽ ይሁን።»

አርማስ ሳቀ። ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቆመ።
ሐሙስ ሐሙስ «ዋና ሄጄ ነበር» የምትለው፣
ፎጣዋን ደረቅ እንደሆነ የምትመልሰው፤
በሰኔ ሌሊት ቤቱን የሞላው ያ ጣፋጭ ሽታ፣
የሳሙናዋ መስሎት ያልጠየቃት አንድ ማታ!

ቱይሬ ማኅተም መታች፦ እስከ የካቲት ሃያ።

ቤቱ ገባ። መቀሱን ከዓሣ ቢላዋው ጋር ቆለፈበት።
ተክሉ ያው ነው፤ ቅጠል ብቻ።
ከመጽሔቷ ጀርባ አድራሻ አለ፤ ሰው ይኑርበት አይኑርበት
እንጃ።
ወረቀት አወጣ፤ የጭነት መዝገብ በሚሞላበት
በዚያ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፍ፦

«ለጥያቄ ዓምድ።
ቁጥር ዐሥራ አራትን ገና ዛሬ አነበብኩ።
ያ ባል እኔ ነኝ።
መዋጮው ስንት ቴምብር ነው?»