ዋስ

ደብዳቤው ሲመጣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤
እውነት አልመስል ቢለኝ ለጎረቤቴ አሳየሁት።
«ትኬትዎ ደርሶ መልስ፣ ማደሪያዎ ከነምሳው፣
የአበልዎ ልክ ይኸውና፣ በየሐሙሱ የሚነሳው፤
ሥራዎ መጽሐፉን ብቻ መመለስ ወደ አማርኛ፤
ለቪዛው አያስቡ፣ ከፊልዎ ነን እኛ።»

በእኛ ‹ከፊል› ግማሽ ነው፤ ቃሏን እንደ ዋዛ ዘለልኳት።
ለሦስት ወር ጸጥታ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ፈረምኳት።

ሙሐረቅ። የዕንቁ ነጋዴ የኖረበት አሮጌ ቤት፤
ጨው የበላው ግድግዳ፣ አዲስ ኖራ የተቀባበት፤
ጠረጴዛ፣ መብራት፣ የሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ፣
ስሜ በሦስት ቋንቋ ያለበት የቁልፍ መያዣ።

መጽሐፉ የጠላቂዎች ነው፤ ዕዳ ያጠመዳቸው፣
ትንፋሽ ቆጥበው የሚወርዱ፣ ዕንቁው ለሰው፣ ጨው ለራሳቸው፣
ቢሞቱ ልጅ የሚወርሰው የባለ መርከቡን ብድር።
ሠላሳው ግጥም ቀለለኝ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሳድር፣
አንዲት መበለት ሌሊት ከባሕሩ ዳር ቆማለች፤
«ያንተስ ከፊል ማነው?» ብላ ውሃውን ትጠይቃለች።

«ዋስ» ብዬ ጻፍኩት። ሰረዝኩት። ተመልሼ ጻፍኩት።
«ጌታ»፣ «ተጠሪ»፣ «አሳዳሪ»፤ ሁሉንም ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

ማክሰኞና ቅዳሜ ዘምዘም የምትባል ትመጣለች፤
አንሶላ ትቀይራለች፣ አቧራ ታራግፋለች።
የመርሳ ልጅ መሆኗን ያወቅኩት ወለሉን ስታብስ
የጠፋባትን ጨርቅ በአማርኛ ስትወቅስ።

ቅርጫቱን ልትደፋ አንስታ አንዱን ወረቀት ዘረጋች፤
ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ እንደ ቄስ ተማሪ አነበበች።
«ዋስ?» አለችና ሳቀች።
«እህቴ፣ በእኛ አገር ዋስ ማለት ስለ እኔ የሚታሰር፤
እዚህ ከፊል ማለት እኔኑ የሚያስር።
እንዴት አድርገሽ አጋባሻቸው?»

አራት መዝገበ ቃላት ከፊቴ ተደርድረዋል፤
አንዱም ይህን አላለኝ። አንዱስ መቼ ሰው ቤት ውሏል?

«ያንቺስ ከፊል?» አልኳት። «ደግ ናቸው፣» አለችኝ፤
«ፓስፖርቴን ያስቀምጡልኛል፣» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።
የእኔው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እጄን ሰድጄ ነካሁት፤
ከሥሩ ያን ደብዳቤ፣ «ከፊልዎ» የሚለውን፣ እንደ አዲስ አየሁት።

«ቃል ስትቀይሪ ነው የሚከፍሉሽ?»
«አዎ።»
«ለስንት ጊዜ?»
«ሦስት ወር።»
«ምነው አበዙት! እኔን ደላላው
በሦስት ቀን ነው የተረጎመኝ።
ትርንጎ ብዬ ገባሁ፣ ዘምዘም ብሎ አወጣኝ፤
አሥራ ስድስት ዓመቴን ሃያ አራት ብሎ አስረጀኝ።
እስከ ዛሬ ስሕተት ያገኘበት የለም፤
ማኅተም አለው።»

ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የሪፖርት ቅጽ ላኩልኝ፦
ስንት ገጽ? ስንት ስብሰባ? ማንን ያመሰግናሉ?
መጽሐፉ ተጠናቋል?
«በከፊል» ብዬ ሞላሁ።
ከምስጋናው መስመር ላይ ስሟን ልጽፍ ስል አየችኝ፤
«ኧረ ተይ! የቱን ልትጽፊ?
ዘምዘም ብትይ፣ እኔ አይደለሁም፤
ትርንጎ ብትይ፣ እሷ እዚህ አገር አልገባችም።»

መስመሩ ባዶውን ሄደ። የመበለቲቱም ቃል
ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ቦታው አሁንም ክፍት ነው፤
ዋስን አንስቼ የምተካው አጣሁ።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ግን ሥራ አልሠራችም።
እኔ ሳነብ እሷ ስታርም የባልዲው ውሃ ቀዘቀዘ።
«‹ሰጠመ› አትበይ፣» ትለኛለች፣ «ገመዱ እጁ ላይ ነበረ፤
‹ቀረ› በይ። የእኛ ሰው ለሄደና ላልመጣ ‹ቀረ› ነው የሚለው።»
ቀረ ብዬ ጻፍኩ።

ከታች «ዘምዘም!» የሚል ድምፅ መጣ።
ቀና አላለችም።
«ዘምዘም!»
ጣቷ ከስንኙ ሥር ነበር፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።
ሦስተኛውን የሰማሁላት እኔ ነኝ፤
«አንቺን ነው መሰለኝ፣» አልኳት።