ጠመኔ የበላው ጣት

ከፖስታ ቤት ወዲህ፣ ባንኩን አለፍ ብሎ፣
አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ቆሞ ውሎ፣
በደረጃ ወጣሁ ጉልበቴን ደግፌ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩትን ቋንቋ ልፈተን ተሰልፌ።

ከፊቴ ልጅ እግር፣ ከኋላዬም ወጣት፣
አንዱ ለካናዳ፣ አንዷ ለነርስነት፣
የጎደለች ግማሽ ነጥብ የሚያሰሉ በጣት።
"አባባ፣ ልጅ ሊያስፈትኑ ነው?" አለችኝ አንዲቷ፣
ወንበር ለቀቀችልኝ፣ ትባረክ እናቷ።
"አዎ" አልኳት ዋሽቼ፣
በአማርኛ ዋሸሁ፣ እንግሊዝኛዬን ለውስጥ አቆይቼ።

ምን አመጣህ ቢሉኝ፦ አዲሱ ርእሰ መምህር፣
ልጄ የሚሆን ሰው፣ አንገቱን ሰብሮ በክብር፣
"ለደንቡ ያህል ነው፣ ወረቀት ያምጡልን" ብሎኝ ነበር።
ወረቀት!
የስንቱን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ያቆሰልኩ ሰውዬ፣
ዕቁቤን አውጥቼ፣ ባንክ ሄጄ ከፍዬ፣
ለአንዲት ወረቀት ቆምኩ ተማሪ መስዬ።

ሰዓት ይውለቅ አሉ። ስልክ ይጥፋ አሉ።
ከውሃው ላስቲክ ላይ ጽሑፉን ላጥ አሉ።
መሀረቤም፣ ቁልፌም፣ የኪስ ዳዊቴም ሳጥን ውስጥ ዋሉ።

"አውራ ጣት" አለችኝ፣ ቀና ሳትል ልጅቷ፤
መስታወቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ቀይ ሆነች መብራቷ።
"እስቲ ይድገሙት።" ደገምኩ። ቀይ።
በሶፍት ጠረገችው፣ በትንፋሼ አሞቅሁት፣
ቀኙ እንቢ ቢለን ግራውን ሞከርኩት፤
ቀይ። አሁንም ቀይ።
ከኋላዬ ወረፋው ጉሮሮውን ይጠርጋል።
"መስመር የለውም እኮ፣ ልሙጥ ነው ጣትዎ" አለችኝ፣
ያኔ ገና አየችኝ።
"...ቲቸር?"

ወይንሸት። ዘጠነኛ ሐ፣ በመስኮቱ ረድፍ፣
ስሟ ሲጠራ ደብተሯ ሥር ገብታ የምታልፍ፤
ያንን የግሥ ጊዜ፣ ትናንት ጀምሮ ዛሬም የማያልቀውን፣
ዓመቱን ሙሉ ብነግራት አልገባ ያላት እሱን።
"ጠመኔ ነው" አልኳት፤ "ሃያ ስድስት ዓመት ሲፍቀው፣
ግማሹን ሰሌዳው ወሰደው፣ የቀረውን ዳስተር ጠረገው።"

ልትስቅ ነበር፣ ተወችው። አለቃዋን ጠራች፣
ረጅም ፈረንጅ ነው፣ ፊቱ ያልተፈታ፤ ቀና ብላ ነገረች፦
እኚህን ሰው ካወቅኋቸው አሥራ አራት ዓመቴ።
በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፣ ልብ በሉ በሞቴ፣
ያንኑ ጊዜ፣ ያንኑ ግሥ፣ ሳትሰብረው፣ ሳታስነክሰው፣
ከነ"ሃቭ"ዋ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ውሃ ስታፈሰው።
እኔ ጣቴን እያየሁ ቆምኩ።
ቅጹ ላይም በእጇ ጻፈች፦
"አሻራ፦ አልተነበበም። ሰውየው በዓይን ታውቋል።"

ከዚያ ወዲያ ፈተናው ነው፤ እሱ ምን ይወራል?
በማዳመጫው አንዲት ሴት፣ በባሕር ጠረፍ ከተማ ቤት ትከራያለች፣
"ውሻ ይፈቀዳል ወይ?" ትላለች፤
የውሻዋ ስም ማን ይሆን ስል፣ ሁለት ጥያቄ አለፈኝ።
በቃል ፈተናውም ረጅሙ ሰው ገጠመኝ፦
"አንድ ነገር ያስተማረህን ሰው ግለጽ" አለኝ።
ሁለት ደቂቃ ነበረኝ።
አንዱን "ዘጠነኛ ሐ" ብዬ ጀመርኩ፣
ሁለተኛውን ዝም አልኩ።
ለዝምታ ስንት ነጥብ እንዳለው፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አልጠየቅኩ።

ውጤቱ በአሥራ ሦስት ቀን ነው። ቁልቁል ወረድኩ፣
ቸርችል ላይ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ረዳቱ ፒያሳ ይላል፣
አንድ ጫማ ቤት ታፔላው፣ በእንግሊዝኛ፣ በትልቁ፣
አንዲት ፊደል ጎድላዋለች፤ ሰው ያልፋል፣ ማንም አይስቅ ቢስቁ።
እጄ ኪሴ ገባ፣ እንደ ልማዱ፤
ፈታሾቹ ያላገኟት የጠመኔ ስባሪ ነበረች ከጉድጓዱ።
በልሙጡ ጣቴ አሸት አሸት አደረግኋት።
ነጭ ሆነ።