ሳህኗ እኔ ጋ ናት

መብራት ከሄደ ቆየ። ከቀሃ ማዶ በርቷል፤
እኛ ግቢ ግን ሌሊቱ ቀድሞ ገብቷል።
ስድስት በር ነው ግቢው፣ ስድስቱም የተከራየ፤
የማን እራት ምን እንደሆነ አፍንጫ ነው ያየ።

በእነ ነስሩ በኩል ሩዝ ነው፣ በቁንዶ በርበሬ፤
ከፖሊሷ ቤት ሽንኩርት ይቁላላል፣ ባሏ ይጮኻል፦
"ይበቃል፣ ሴትዮ! ኪሎው ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ ዛሬ?"
የዩኒቨርሲቲ ልጆቹ፣ ሦስቱ በአንዲት ክፍል፣
የትናንቱ ሽሮ በውሃ በዝቶ ለሦስት ሲካፈል።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፣ አዘዞ አስተምራለሁ፤
ሶዲየም ክሎራይድን እስከ ነጥቡ እለካለሁ።
ወጥ ላይ ግን፣ በቃ፣ እጄ ያፈሰውን እበትናለሁ።
አንዴ ባሕር ነው፣
አንዴ የበሽተኛ ምግብ፤
መኻል የለውም።

መደርደሪያዬ ላይ አንዲት ሳህን አለች፣
ጠርዟ ሰማያዊ፣ በአንድ ጎን የተሸረፈች።
የእትዬ ማንጠግቦሽ ናት። ነሐሴ ላይ ታይፎይድ ጥሎኝ፣
ጎመን በነጭ ሽንኩርት ይዛ መጥታ፣ "ብላ" ብላ፣ ቆማ አስበላችኝ።
ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳርም ተጋመሰ፤
ምን ሞልቼ ልውሰዳት? በባዶ ማን መለሰ?

በየምሽቱ ከጨለማው ድምፅዋ ይነሣል፣
"እራት ምን ሠራችሁ?" እንደ ስም ጥሪ በየበሩ ይደርሳል።
ነስሩ "ሩዝ!" ይላል። ፖሊሷ "ምስር!" ትላለች።
ተማሪዎቹ "ዶሮ!" ይላሉ፤ "በጾም?" ብላ ትቆጣለች።
ከስድስተኛው በር፣ ከሰል ከሚሸጠው ከአስረበብ፣
"በልተናል፣ እትዬ፣ ተመስገን።" ፈጠን ብሎ፣ ሳያስብ።

አፍንጫ ግን አይዋሽም።
ከዚያ በር ዛሬ ምንም፣
የክብሪት ሽታ እንኳ አልወጣም።
ከሰል ከሚሸጥ ሰው ቤት
እሳት አልነደደም።

ሁለት ልጆች አሉት። ትልቋ በጨለማው ማባዣ ትወጣለች፤
ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ስትደርስ ዝም አለች።

እኔ ዘንድ ሽሮ ነበር፣ ከጭልጋ በአውቶቡስ የመጣ፣
እህቴ ቋጥራ የላከችው፣ "ለራስህ ብላ፣ ለሰው አታውጣ።"
ለሳህኗ ነበር ያሰብኩት። ሽንኩርቱን አልቅሼ ከተፍኩ፣
ዘይቱን ለካሁ፣ ውሃውን ለካሁ፣ ጨው ላይ እጄን ያዝኩ።
ተንተከተከ። ከሥር ትንሽ ያዘ፤ ማን ያውቃል?
ቀመስኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፦ ይበላል።

ሳህኗን አጥቤ ሞላኋት፣ እንጀራ ጠቀለልኩ፣
ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ በር ሦስት እርምጃ ሄድኩ፣
ከዚያ እግሬ ታጠፈ።

"አስረበብ፣ በሞቴ፣ አበዛሁት መሰለኝ፤
ፍሪጅ የለኝ፣ ሊበላሽብኝ ነው፤ ተባበረኝ።"
ዝም አለ። ፊቱን አላየሁም፤ የጨለማ ደግነቱ።
"ዕቃ አምጡ" አለ ለልጆቹ፤ ተሰማኝ የድስቱ ክዳን ጩኸቱ።
ገለበጥኩት። ሳህኗን ግን አልተውኩም፤ ባዶዋን ይዤ ወጣሁ፤
የራሴን ዕዳ ሰው ደጅ ማሳደሩን ፈራሁ።
"ሰባት ጊዜ ስምንት" አለች ትልቋ፣ አፏ ጉርሻ እንዳለ፣
"ሃምሳ ስድስት!"
ትክክል ነው። ሒሳቡ ተስተካከለ።

ለእኔ ዳቦ አለ፣ ከጠዋት የተረፈ፣
ሻዩ ለብ ያለ፣ ስኳሩ ከሥር የሰፈፈ።

"መምህር!" አለች እትዬ ከማዶ፣ "ምን ሠራህ አንተ ሰው?"
"ሽሮ!"
"ሽታው ደርሶኛል እኮ፤ ተርፎሃል ወይ? ልቅመሰው።"

ሳህኗን ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ቦታዋ መለስኩ፣
"ማን ጠግቦ!" አልኩ።

"አቤት?" አለች፤ የጠራኋት መስሏት ኖሮ፤
ስድስተኛው በር ሳቀ መጀመሪያ፣
ከዚያ ግቢው ተባብሮ።